የሱስ ሕክምና ከየት ይጀመራል?

ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጡን በአንድ ጊዜ እርግፍ አድርጎ ቢተው ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ግን ሕክምናውን የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው፤ በር ይቆለፋል፣ ገንዘብ ይከለከላል፣ “ሦስት ቀን ከቻለ ይወጣለታል” ይባላል። አደጋው ያለው ደግሞ በነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ነው።

አልኮል የአንጎልን እንቅስቃሴ ያረግባል። መጠጡ በየቀኑ ሲደጋገም አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል የሚያነቃቃውን ክፍል ያበረታል፤ መጠጡ ድንገት ሲቀር ያ የበረታ መነቃቃት ልጓም ያጣል። ከመጨረሻው ብርጭቆ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ያቅለሸልሻል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። አንዳንዱ ሕመምተኛ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ያለበትን ቦታና ጊዜ ይስታል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ልቡ ይደልቃል። ጎረቤት “ያደረበት ነገር አለ” ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይህ ግን ወዲያውኑ ሆስፒታል የሚያስኬድ ድንገተኛ ሕመም ነው። በዚያ እንደ ዲያዜፓም ያለ ማረጋጊያ በሐኪም ቁጥጥር ይሰጥና መጠኑ በቀናት ውስጥ እየተቀነሰ ይቆማል። ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) አብሮ ይሰጣል፤ በጠጪዎች ሰውነት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ቫይታሚን ሲሆን፣ ጉድለቱ የማስታወስ ችሎታን እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችላል።

የጫት ነገር ይለያል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ነው፤ ሲቋረጥ ድካም፣ ድብርት፣ ሐራራና ተጠቃሚዎቹ ዱካክ የሚሉት የሚያስጨንቅ ሕልም ይከተላሉ እንጂ እንደ አልኮሉ ያለ ለሞት የሚያሰጋ የመቋረጥ ሕመም አይታወቅበትም። ችግሩ ብዙ ቃሚ ጫቱን ብቻውን አለመያዙ ነው። ከምርቃና ለመውረድ ማታ ማታ ጨብሲ የሚል ሰው፣ ቤተሰቡ የሚያየው ጫቱን ሆኖ ሳለ፣ ሰውነቱ የታሰረው ግን በአልኮሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ጫቱንም፣ አረቄውንም፣ ሲጋራውንም፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን የእንቅልፍ ኪኒንም አንድ በአንድ ይጠይቃል። ከነዚህ አንዱን መደበቅ ሕክምናውን በተሳሳተ መሠረት ላይ ያቆመዋል።

ባለሙያው የሚጠይቀው በዘፈቀደ አይደለም። ለአልኮል በብዙ አገር የሚሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ 10 ጥያቄዎች ሲኖሩት ከ40 ነጥብ ይታረማል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ጉዳት የሚያሰጋ አጠጣጥን ያመለክታል፣ 20 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ጥገኝነት እንዳለ ለማጣራት ጥልቅ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ሁሉም ጠጪ ሱሰኛ አይደለም፤ ለአንዳንዱ አጭር ምክር ይበቃዋል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በር ብዙ ሰው ከሚያስበው ይቀርባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው መርሐ ግብር የአእምሮ ሕመምንና የሱስን ሕክምና በልዩ ሐኪም ብቻ ሳይሆን በጤና ጣቢያ ሠራተኞችም ለማዳረስ ያለመ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። የሳይካትሪ ነርስ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከተገኘ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከበድ ያለውን እዚያው ለይቶ ወደ ላይ ሪፈር ይጽፋል። አዲስ አበባ ውስጥ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል፣ ከአዲስ አበባ ውጭም የጅማና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ይጠቀሳሉ። “አማኑኤል” የሚለው ስም በከተማው ቋንቋ መሳለቂያ መሆኑ ስንቱን ከበሩ እንደመለሰ መገመት አያስቸግርም።

ብዙ ቤተሰብ ከሆስፒታል በፊት ጸበል ይሄዳል። ጸበሉ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ከመጠጥ ጓደኛ መራቅ፣ የቀን ሥርዓት፣ ተስፋ፣ እነዚህን ሐኪሙም ይፈልጋቸዋል። ጉዳት የሚመጣው መድኃኒት እንዲጣል ሲደረግ ወይም ከባድ ጠጪ ያለ ክትትል በድንገት እዚያ ሲያቆም ነው። የጸበልና የመድኃኒት ክርክር በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜም ተነሥቶ ነበር፤ ያኔ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ አሳስበዋል።

ሰውነት ከመጠጡ ከጸዳ በኋላ ነው ረጅሙ ሥራ የሚመጣው። የመቋረጥ ሕመሙ በቀናት ያልፋል፤ ሐራራው ግን ለወራት ይመላለሳል። በዚህ ደረጃ ምክክር ዋናው መሣሪያ ነው፤ ሰውየው መቼ፣ ከማን ጋር፣ ምን ሲሰማው እንደሚጠጣ ተለይቶ ሌላ መንገድ ይለማመዳል። ለጫት ሐኪሞች የተስማሙበት መድኃኒት ስለሌለ ሸክሙን በብዛት የሚይዘው ይኸው ምክክር ነው። ለአልኮል ግን መድኃኒትም አለ። ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚሁ ሕክምና በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ዳይሰልፊራም የሚባለው ደግሞ በላዩ ላይ ሲጠጣ ፊትን የሚያቀላ፣ የሚያስመልስና ልብን የሚያስደነግጥ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው አውቆና ፈቅዶ ብቻ ይወስደዋል። ሳያውቅ ከወጥ ጋር ቀላቅሎ ማብላት እንደ ዘዴ የሚታሰብበት ቤት ካለ፣ አድራጊው በሰው ሕይወት እየቀለደ ነው።

ተኝቶ መታከም ለሁሉም አያስፈልግም። ቀድሞ መንፈራገጥ ወይም መቃዠት የደረሰበት፣ ሌላ ከባድ ሕመም ያለበት፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ወይም ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የሌለው ሕመምተኛ ይተኛል፤ ሌላው እየተመላለሰ ይታከማል። የግል ማገገሚያ የሚፈልግ ቤተሰብ ተቋሙ ከከተማው ወይም ከክልሉ የጤና ተቆጣጣሪ ፈቃድ እንዳለው፣ የመቋረጥ ሕመምን የሚከታተል ሐኪም እንዳለ፣ ሕመምተኛው ሲወጣ ማን እንደሚከታተለው መጠየቅ አለበት። “በ21 ቀን ሙሉ በሙሉ እናድናለን” የሚል፣ በሰንሰለት የሚያስር ወይም የሚገርፍ ቦታ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ሕክምና አይደለም።

ከሕክምና በኋላ እንደገና መጠጣት የተለመደ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ተቋም በጠቅላላው ከሱስ ታክመው የሚያገረሽባቸውን ከ40 እስከ 60 በመቶ ያደርሳቸዋል፤ ከደም ግፊትና ከአስም የማገርሸት መጠን ጋርም ያነጻጽረዋል። የደም ግፊቱ ከፍ ያለበት ሰው መድኃኒቱ እንደሚስተካከልለት ሁሉ፣ መጠጥ የመለሰውም ሰው ወደ ቀድሞው ሐኪሙ ይመለሳል፤ የቀጠሮው ጊዜ ይቀራረባል፣ ምክክሩ ይጠብቃል፣ መድኃኒቱም ካስፈለገ ይቀየራል።