ያውቁ ኖሯል? አዲስ የክሪኬት መምቻ ሳይቀጠቀጥ ሜዳ አይገባም
ምርጥ የክሪኬት መምቻ የሚሠራው ከእንግሊዝ አኻያ ነው። እንጨቱ ቀላልና ለስላሳ በመሆኑ ጠንካራው የቆዳ ኳስ ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ ጥሬ የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርገው ይቀቡትና አግድም አስተኝተው ያደርቁታል። እጀታው ከሰሌዳው የሚጋጠምበት ቦታ ግን ዘይት ሊነካው አይገባም፤ ሙጫውን ያላላዋልና።

ትዕግሥት የሚፈትነው ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው። በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው ይጀምራሉ፤ ኃይሉንም ጥቂት በጥቂት ይጨምራሉ። በድምሩ 6 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ጠርዙን ፊት ለፊት መምታት ትልቅ ስሕተት ነው፤ በሰያፍ እየመቱ ያዶለዱሙታል እንጂ። በዚህ ሁሉ ምት የእንጨቱ ክሮች ተጠቅጥቀው ይጠነክራሉ።

በመጨረሻ በአሮጌ ኳስ ይሞክሩት። የኳሱ ስፌት እንጨቱ ላይ ጠልቆ ከታተመ መምቻው ገና ነው፤ መዶሻውን መልሰው ያንሱ።