«ዳጣው ይገድለዋል»፦ ስለ ትኩስ የሥጋና የአይብ ጥቅል ተረቱና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ክትፎ ያዘዘ ሰው ፊት ቆጮና አይብ አብረው ይቀርባሉ፤ ዳጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሟቸው ይደርሳል። ተመጋቢው ቆጮውን ይቆርሳል፣ ሥጋውን ከአይቡ ጋር ይጠቀልላል፣ ዳጣው ላይ ጠቀስ አድርጎ ይጎርሳል። ካፌዎች ዛሬ «ራፕ» ብለው ሜኑ ላይ የሚያሰፍሩት ምግብ ያለው ነገር ሁሉ እዚህ ገበታ ላይ አለ፤ መጠቅለያው፣ የበሬ ሥጋው፣ አይቡ፣ ማጥቀሻው። የጎደለው እሳት ብቻ ነው።

ስለዚህ ትኩስ የሥጋና የአይብ ጥቅል ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚቸግር ዕቃ የለም። ለሦስትና ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ቀይ ሥጋ፣ ሩብ ኪሎ አይብ፣ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ትንሽ ንጥር ቅቤ፣ ቂጣና ዳጣ ይበቃል። ከገበያ መልስ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ሥራውን የሚያበላሹት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩ፣ እውነት የሚመስሉ አባባሎች ናቸው። አንዳንዶቹ የሚጎዱት ጣዕሙን ነው፤ አንዳንዶቹ ግን ጤናን ይነካሉ። ከባዱን ላስቀድም።

«በዳጣና በሚጥሚጣ ከተበላ ምንም አይልም»

ይህን ያልሰማ ሰው የለም። ዳጣ ትሉን ይገድለዋል፣ ሎሚ ያበስለዋል፣ አረቄ ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል ይባላል። ሦስቱም ስህተት ናቸው፤ ይህን አጥብቄ የምናገረውም የምወደው ምግብ ስለሆነ ነው።

የቃሪያ ማቃጠልና የእሳት ማቃጠል አንድ የሚመስሉት ለምላሳችን ብቻ ነው። በቃሪያ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነርቮቻችን ላይ ካለ አንድ ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። ያ ተቀባይ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት ሲነካው ለአንጎል «ተቃጠልን» ብሎ የሚናገረው ራሱ ነው። ዴቪድ ጁልየስ የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ለይቶት፣ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቶበታል። ዳጣ በልተን ስናልብ፣ አፍንጫችን ሲፈስ፣ ሥጋው በአንድ ዲግሪ እንኳ አልሞቀም። የተነገረው ለአንጎላችን ነው፤ ሥጋው ውስጥ የተቀመጠው የኮሶ ትል እጭ ምንም አልደረሰበትም።

ማስረጃውን ሩቅ መፈለግ አያሻም። አያቶቻችን በሚጥሚጣና በአዋዜ ጥሬ ሥጋ ሲበሉ ኖረዋል፤ እንደዚያም ሆኖ በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ ነበር። ቅመሙ ትሉን የሚገድል ቢሆን ኖሮ ያን የሚመርና የሚያንገሸግሽ መድኃኒት ማን ይጠጣ ነበር?

ሎሚም የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። አሲዱ የሥጋውን ላይ ላዩን ያነጣዋል፤ ስለዚህ የበሰለ ይመስላል። የውስጡን እጭም ሆነ ባክቴሪያ ግን በእርግጠኝነት አይገድልም። የቄራ ማኅተምስ? ያስፈልጋል፤ ማኅተም የሌለው ሥጋ መግዛት የለብንም። መርማሪው ግን የመንጋጋውን፣ የምላሱንና የልቡን ሥጋ በተወሰኑ ቦታዎች ቀድዶ ነው የሚያየው። እጩ ጥቂት ከሆነ ሊያመልጠው ይችላል።

ፍርዱን የሚሰጠው እሳት ነው። በሰፊው የሚጠቀስ አንድ መለኪያ እንዲህ ይላል፦ ያልተፈጨ የበሬ ሥጋ መሀሉ 63 ዲግሪ ደርሶ ለሦስት ደቂቃ ይረፍ፤ የተፈጨ ወይም የተከተፈ ሥጋ ግን መሀሉ 71 ዲግሪ ይድረስ። ልዩነቱ ያለምክንያት አይደለም። ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚኖረው በሥጋው ገጽ ላይ ነው። ሥጋው ሲከተፍ ገጽ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ውስጡም እንደ ገጹ መጋል አለበት። «ለብ ለብ» የተባለ ክትፎ እዚህ ልኬት አጠገብ አይደርስም። ቅቤው ሞቋል፣ ሥጋው ቀለሙን ትንሽ ለውጧል፤ በቃ።

በየቤታችን የምግብ ቴርሞሜትር የለም። ቀለም ብቻውን ደግሞ ያታልላል፤ የተከተፈ ሥጋ 71 ዲግሪ ሳይደርስ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ጥቅል እኔ የምመርጠው የተፈጨ ሥጋ አይደለም፤ እንደ ጣት የረዘመና ስስ ሆኖ የተቆረጠ ቀይ ሥጋ ነው። ስስ ሥጋ በጋለ መጥበሻ ላይ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ከዳር እስከ ዳር ይበስላል፤ ለመጠራጠር ቦታ አይተውም። ሥጋውን ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪዘር ውስጥ አቆይቶ ጠንከር ሲል የሥጋውን ክር አግድም እያቋረጡ መቁረጥ ነው። በክሩ አቅጣጫ የተቆረጠ ሥጋ ጥቅሉ ሲገመጥ እንደ ገመድ ይጎተታል፤ የሞላውም ሁሉ አብሮ ይወጣል።

«የዛሬ እርድ ሁሌም ይለሰልሳል»

ግማሽ እውነት ነው። ከብቱ እንደታረደ ሥጋው ልስልስ ነው፤ ቁርጥ ወዳዶች ማለዳ ሥጋ ቤት የሚሰለፉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ከሰዓታት በኋላ ግን ጡንቻው ይደርቃል፤ ያኔ የተጠበሰ ሥጋ ይጠነክራል። ቅዝቃዜ ውስጥ ቀናት ሲቆይ በራሱ ኢንዛይሞች እንደገና ይላላል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው በንጽሕና ተሸፍኖ አንድ ሁለት ቀን ያሳደረው ሥጋ ለጥብስ የተሻለ ሆኖ ያገኘዋል። በሐዋሳ ሙቀት ከማቀዝቀዣ ውጭ ማሳደር ግን አይታሰብም።

«ሥጋ ታጥቦ ነው የሚጠበሰው፤ ደሙ ይውጣ»

ከሥጋው የሚወርደው ቀይ ውሃ ደም አይደለም። ደሙ በእርዱ ጊዜ ፈሷል። ቀዩ ማዮግሎቢን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ማጠብ ጀርሙን አያስወግደውም፤ ወደ መታጠቢያው፣ ወደ መክተፊያውና አጠገብ ወዳለው ቲማቲም ይረጨዋል። ጣዕሙንም ያበላሻል፤ እንዴት እንደሆነ ከቀጣዩ አባባል ጋር ይታያል።

«ኃይለኛ እሳት ሥጋውን አሽጎ ጭማቂውን ያስቀረዋል»

ይህን ያስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው። ዛሬም በብዙ ወጥ ቤት ይነገራል። ሥጋ ግን በእሳት አይታሸግም። ተጠብሶ ገጹ የጠቆረ ሥጋ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ጭማቂ ይወጣል፤ የታሸገ ቢሆን አይወጣም ነበር።

ኃይለኛ እሳት የሚያስፈልገው ለሌላ ነገር ነው፤ ለመዓዛ። የሥጋው ፕሮቲንና በውስጡ ያለው ጥቂት ስኳር 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ተዋሕደው ያን ቡናማ ቀለምና የጥብስ ሽታ ይፈጥራሉ። ፈረንሳዊው ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ይህን ስለገለጸ በስሙ ይጠራል። እንቅፋቱ ውሃ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መጥበሻው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ የሥጋው ገጽ ከዚያ ብዙም አያልፍም። የታጠበ ሥጋ፣ ወይም ግማሽ ኪሎ በአንዴ የተገለበጠበት ትንሽ መጥበሻ፣ የሚሆነውን ሁላችንም አይተነዋል፦ ጭስስ ማለቱ ይቆምና መንተክተክ ይጀምራል፤ ሥጋው ግራጫ ሆኖ በራሱ ውሃ ይቀቀላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሥጋውን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወጥ ቤት ወረቀት ማድረቅ፣ መጥበሻውን ባዶውን ማጋል፣ ከዚያ ንጥር ቅቤ ጣል አድርጎ ሥጋውን በሁለት ወይም በሦስት ዙር መጥበስ። ንጥር ቅቤ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ሲነጠር ቶሎ የሚያርረው የወተት ዝቃጭ ስለወጣለት ኃይለኛ እሳት ይችላል። ሽንኩርቱ ሥጋው ከወጣ በኋላ በዚያው መጥበሻ ይቁላላ፤ ጨውና ትንሽ ኮረሪማም ያኔ ይግባ።

«አይቡ ሲሞቅ ይቀልጥና ይያያዛል»

ብዙ ሰው ፒዛ ላይ እንዳየው የሚሳብ ክር ይጠብቃል። የእኛ አይብ የቱንም ያህል ቢሞቅ እንዲያ አይሆንም፤ ጥፋቱም የባለሙያዋ አይደለም። ፒዛ ላይ የሚቀልጠው አይብ የሚረጋው በኢንዛይም ነው። ፕሮቲኑን ያያያዘው ካልሲየም ስለሚቀር ሲሞቅ ላልቶ ይፈሳል። የእኛ አይብ የሚሠራው እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ ከሚቀረው አሬራ ነው። የሚያረጋው ኮምጣጣነትና ሙቀት ነው። አሲዱ አብዛኛውን ካልሲየም ከአጓቱ ጋር ይዞት ይሄዳል። ፕሮቲኑ ደግሞ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ሲሞቅ ውሃ ይጨምቃል እንጂ አይቀልጥም።

እዚህ ላይ «አይብ ያወፍራል» የሚለውም ይወድቃል። ቅቤው ቀድሞ ስለወጣለት በአይብ ውስጥ ያለው ስብ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ፕሮቲኑ 15 በመቶ ይጠጋል፣ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው ጥቅሉን የሚያላሽቀው። ከገበያ የመጣውን አይብ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥሮ አንድ ሰዓት ያህል ማንጠልጠል፣ ከዚያ በእጅ ጨመቅ ማድረግ ይገባል። ከታች የሚጠራቀመውን አጓት ሲያዩ ይህ ሁሉ ቂጣው ውስጥ ሊገባ ነበር ያሰኛል። የተጠነፈፈው አይብ ከትንሽ ንጥር ቅቤ፣ ከኮሰረትና ከጨው ጋር ሲታሽ ሥጋውን ይይዘዋል። የሚሳብ ክር የግድ የሚል ሰው ሞዛሬላ ይግዛ፤ ለእኔ ግን ከዳጣ ጋር የሚስማማው የአይቡ ለዘብ ያለ ኮምጣጣነት ነው።

የጤናውም ነገር አለ። ወተት ከብሩሴሎሲስና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ ጀርም ነጻ እንዲሆን ወይ 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፣ ወይ 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ መቆየት አለበት። አይብ ሲሠራ አሬራው የሚሞቀው እጅ እስኪችለው ብቻ ከሆነ እዚያ አይደርስም። ከማን እንደተገዛ በደንብ የማይታወቅ አይብ እስኪጨስ ድረስ መጥበሻ ላይ ይሙቅ። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን የሚበላው ከሆነ ይህ አይታለፍ።

«ጥቅል በስንዴ ቂጣ ካልሆነ አይሆንም»

የስንዴ ቂጣ ሳይቀደድ የሚለጠጠው በግሉተን ነው፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። እንጀራ ግን ትኩስና ለብ ያለ ሲሆን ሳይሰበር ይታጠፋል። የዕለት እንጀራ ግማሹን ወስዶ፣ ዓይኑን ወደ ውስጥ አድርጎ መጠቅለል ይቻላል። ቆጮም በስሱ ከተጋገረ ይሆናል። በሲዳማ እንሰትና የወተት ተዋጽኦ የቆየ ዝምድና አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በተመዘገበው በፍቼ ጨምበላላ ዋዜማ የሚቀርበው ቡሪሳሜ የእንሰት ምግብ በቅቤና በወተት ነው። ቆጮ ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነም ሥጋና አይብ ሲጨመሩበት ገበታው ይሟላል።

የተረፈ ቂጣ ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥ። የፍሪጅ ቅዝቃዜ ስታርቹን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ወይ ተሸፍኖ ውጭ ይዋል፣ ወይ ፍሪዘር ይግባ።

«ዘይት ከላዩ ካለ ዳጣ አይበላሽም»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጥንቃቄ ይመስላል። ዘይት አየር ይከለክላል፤ ሻጋታም ይቀንሳል። አየር ሲጠፋ የሚመቸው ጀርም ግን አለ፤ ቦቱሊዝምን የሚያመጣው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከአፈር የመጡ ናቸው፤ የጀርሙም ዘር አፈር ውስጥ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር ከ30 በላይ ሰዎች የታመሙት ዘይት ውስጥ በተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ነው። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይሰጥ ይችላል።

ስለዚህ ዳጣ በትንሽ በትንሹ ይዘጋጅ፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ድንብላል፣ ጨው፣ በዛ ያለ ሎሚ። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥና በሳምንት ውስጥ ይለቅ። ለጥቅሉ ማጥቀሻ ሁለት ማንኪያ ዳጣ በአንድ ስኒ እርጎ ቢበጠበጥ ጥሩ ነው። ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ለዚህ ነው ያቃጠለው ሰው ውሃ ጠጥቶ የማይተርፈው። የወተት ፕሮቲንና ስብ ግን ይይዙታል፤ መዓዛው ሳይጠፋ ቃጠሎው ይበርዳል።

«ቢቆይም እንደገና ካሞቁት ችግር የለውም»

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችና የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ምሳ ቋጥረው ሲወጡ የማየው ጠዋት በማለዳ ነው። የበሰለ ሥጋና አይብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ በሐዋሳ የቀትር ሙቀት ደግሞ የምሳ ዕቃው ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ለጀርም ምቹ ነው። ማሞቅ ጀርሙን ይገድላል። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ አስቀድሞ የለቀቀውን መርዝ ግን አያጠፋውም፤ ሰውን የሚያስመልሰው መርዙ ነው። ለሥራ የሚቋጠር ከሆነ ማታ የተጠበሰው ሥጋና አይብ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ቀዝቅዞ ይውጣ፤ አንድ ጠርሙስ የቀዘቀዘ ውሃ ጎኑ ይደረግ፤ ቂጣው ለብቻው ይያዝ። ማሞቂያ ባለበት ቦታ መጀመሪያ ሥጋው እስኪጨስ ሙቆ፣ መጠቅለሉ ከዚያ በኋላ ይሁን።