ዓይን ማዝ እና ኤሊስ ደሴት

ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ይዤ ከጀርሲ ሲቲ በጀልባ ኤሊስ ደሴት ሄድን። እሷ የመጣችው ለነጻነት ሐውልቱ ነበር፤ ሙዚየሙ ውስጥ ግን አንድ የድሮ ፎቶ ፊት ቆማ ቀረች። ሐኪም የአንዲት ሴት ዓይን ላይ አጎንብሷል።

«ዓይን ማዝ እያየላት ነው!» አለች።

እውነቷን ነው። እዚህ ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች ይመረመሩ ነበር፤ ሐኪሞቹ የዓይን ቆብ በጣት፣ አንዳንዴም በጫማ ቁልፍ ማስገቢያ መንጠቆ እየገለበጡ ትራኮማ ይፈልጉ ነበር። የተገኘበት አብዛኛውን ጊዜ በመጣበት መርከብ ይመለሳል። የተጠረጠረ ሰው ኮት ላይ በጠመኔ ፊደል ይጻፋል፤ ኤች ለልብ፣ ኢ ለዓይን። በአንደኛና በሁለተኛ ማዕረግ የመጣው ግን መርከቡ ላይ እንዳለ ታይቶ ያልፋል። እዚያም ሰው እንደ ትኬቱ ነበር።

የስደተኞች መቀበያ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1892 ከመከፈቱ በፊት ደሴቷ የባሕር ወንበዴ መስቀያ፣ ምሽግ፣ የባሩድ መጋዘን ሆና አገልግላለች። ስሟ ቀድሞ ከገዛት ነጋዴ ከሳሙኤል ኤሊስ ነው። ያኔ አንድ ሄክታር ተኩል እንኳ አትሞላም ነበር፤ ባሕሩ በአፈር እየተደለደለ ዛሬ 11 ሄክታር ደርሳለች። በተደለደለው መሬት ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ተካሰው፣ በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ለጀርሲ ፈረደ። (የጀርሲ ነዋሪ ነኝና ቅር አላለኝም።)

ወደ 12 ሚሊዮን ሰው አልፎባታል። የ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ምርመራውን ባሕር ማዶ ወዳሉ ቆንስላዎች አዞረው፤ ቪዛ ሳይያዝ መርከብ የለም። እንጦጦ መንገድ የአሜሪካ ኤምባሲ ደጅ የተሰለፍን ሁሉ የዚያ ሕግ ልጆች ነን። ደሴቷ ከዚያ በኋላ ይበልጡን እስር ቤት ሆነች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች፣ ጣሊያኖችና ጃፓኖች ታጉረውባታል። በ1954 ተዘጋች፣ በ1990 ሙዚየም ሆነች።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ስተርክላት ዓይኗ ከፎቶው አልተነቀለም።

«እናቴ ወረንጦዋን ከማተቧ ጋር አስራ ነበር የምትዞረው» አለች። «ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየገባ ሲወጋት እኔ ነበርኩ የምነቅልላት፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን። እሷን ቢሆን እዚህ ይመልሷት ነበር፣ አይደል?»

«ይመልሷት ነበር» አልኳት።

«እኔንስ?»

«አንቺማ ሜዲካልሽን አዲስ አበባ ጨርሰሽ ነው የመጣሽው።»

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና እንደገና ወደ ፎቶው ቀረበች።