የትርፍ ድርሻ የሚቆጠረው እጅ ሲገባ ነው

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የአካባቢዋ ከሰል አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። የከሰሉ ምንጭ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ተክሎ በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ በማግሥቱ ዓመት ከሥሩ ሣር ያጭዳል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ከሰል ያከስላል። መሬቱን ከፋፍሎ በየዓመቱ የተከለ ሰው በየዓመቱ የሚቆርጠው አያጣም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዛፉን በሽታ መታው። ዲከረንሱ ቆሞ ሲደርቅ ያየ ነጋዴ ገንዘቡን ሌላ ምን ላይ እንደሚያውል መጠየቁ አይቀርም። ቤት ሠርቶ ማከራየት የታወቀ መልስ ነው። ሌላው መልስ አክሲዮን ገዝቶ በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ መቀበል ነው። ይህ ግን ስሌት ይፈልጋል።

ከ486 ሰዎች እስከ ቴሌብር

ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን ከወረሰ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል የግል ባንክ አክሲዮን የሚባል ነገር አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 84 ወጣ። በማግሥቱ ዓመት አዋሽ ባንክ በ486 መሥራቾችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በርካታ የግል ባንኮች ከቁጠባ ወለድ በብዙ የሚበልጥ ድርሻ ሲከፍሉ ስለቆዩ፣ ለብዙ ከተሜ አክሲዮን ማለት የባንክ አክሲዮን ማለት ሆኗል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሽያጭ አቀረበ። ግዢው በቴሌብር የሚፈጸም ስለነበረ የአዲስ ቅዳሙ ነጋዴ አዲስ አበባ መውረድ አላስፈለገውም። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተው ተገኙ። በዚያው ዓመት በጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ሆነ።

30 በመቶ ሲባል ከምን ላይ?

አንድ ባንክ “30 በመቶ ድርሻ ከፈልኩ” ሲል የሚያሰላው አክሲዮኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ነው። ነጋዴው ግን አክሲዮኑን የገዛው በዚያ ዋጋ ላይሆን ይችላል። የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ብር የሆነ አክሲዮን ከሌላ ሰው በ1,800 ብር ተገዛ እንበል። 30 በመቶው 300 ብር ነው። ግብሩ በ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979 በተደነገገው በ10 በመቶ ቢሰላ 270 ብር ይቀራል። 270 ብር ለ1,800 ብር ሲካፈል 15 በመቶ ነው። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ፣ በተግባር ሲሰላ የዓመቱን የግብር ምጣኔ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

15 በመቶ ትንሽ አይደለም። ይሁንና በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ ድርሻውን ሁሉ አውጥቶ ከበላ ዋናው በየዓመቱ እየሳሳ እንደሚሄድ ይገባዋል።

ላም አለኝ በሰማይ

ሁለተኛው ጥያቄ ድርሻው በምን መልክ ይመጣል የሚለው ነው። ባንክ ካፒታሉን የሚያህል መጠባበቂያ እስኪያከማች ድረስ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን ለሕጋዊ መጠባበቂያ ያስቀምጣል። ከቀሪው ምን ያህሉ እንደሚከፋፈል የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ነባር ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዘዘ። ካፒታል ማሳደግ ያለበት ባንክ ደግሞ ባለ አክሲዮኖቹ ድርሻቸውን አዲስ አክሲዮን እንዲገዙበት ይገፋፋል።

ይህ ለወደፊቱ ጥቅም ሊኖረው ይችላል። ለልጅ ትምህርት ወይም ለሱቅ ኪራይ በድርሻው የተማመነ ሰው ግን እጁ የሚገባው ወረቀት ነው። ትርፉ በሒሳብ ይታያል፤ ወተቱ አይታለብም። በአዲስ ኩባንያ የገባም ሰው የማቋቋሚያው ወጪ እስኪሸፈን ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። የፈረመውን ከፍሎ ያልጨረሰ ደግሞ ድርሻው የሚታሰብለት በከፈለው ልክ ነው።

ከመግዛት በፊት

ስለዚህ ገዢው ያለፈውን አንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን የአምስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት ቢመለከት፣ ከተከፋፈለውም ምን ያህሉ በጥሬ ገንዘብ እንደተከፈለ ቢጠይቅ ይበጀዋል። በመካከለኛ አገናኝነት ሲገዛ የዓመቱ ያልተከፋፈለ ድርሻ የሻጩ ይሁን የገዢው በውሉ ላይ ይጻፍ። ስሙ በኩባንያው የባለ አክሲዮኖች መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ድረስም ግዢው አልቋል አይበል። ድርሻ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከጉባኤ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ የወር ወጪን በእሱ መመደብ አይገባም።

የመጨረሻው ትምህርት ከዲከረንሱ የሚገኝ ነው። በአምስት ባንኮች አክሲዮን ያለው ሰው ገንዘቡን የበተነ ሊመስለው ይችላል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ ግን የነካው አንዱን ሳይሆን ሁሉንም ነው። በፋግታ ለኮማም ማሳውን በሙሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ የሸፈነ ገበሬ በሽታው ሲመጣ የሚተርፍ ጥግ አላገኘም። ከአክሲዮኑ ጎን የሚከራይ ክፍል፣ የሚሽከረከር ሸቀጥ ወይም የእርሻ መሬት ያለው ነጋዴ ግን ጉባኤው “ዘንድሮ በጥሬ ገንዘብ አንከፍልም” ብሎ ቢወስን እንኳ ሱቁን ሳይዘጋ ዓመቱን ያልፋል።