ፎረስትቪል ለማደር ቦታ ስትይዙ

ሚኒሶታ ላላችሁ፦ በፎረስትቪል ሚስትሪ ኬቭ ስቴት ፓርክ የድንኳን ቦታ መያዝ የሚቻለው ከምትገቡበት ቀን 120 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። ለጁላይ አጋማሽ ቅዳሜ፣ ማርች አጋማሽ ላይ ተዘጋጁ ማለት ነው።

ደንበኞቼን የሚያደናግራቸው ግን ሌላ ነው። የድንኳን ቦታ መያዝ ወደ ሚስትሪ ኬቭ ዋሻ አያስገባም፤ የዋሻው ጉብኝት ለብቻው ይያዛል፣ ለብቻው ይከፈላል። የመኪና ፈቃዱም ሌላ ሒሳብ ነው። ደግሞ ዋሻውና ካምፑ አንድ ግቢ አይደሉም፤ በመኪና ትሄዳላችሁ፣ ሰዓት አታጥብቡ።

የዋሻው ውስጥ በጋ ክረምት 48 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ነው። ሹራብ ያዙ፤ ጋቢው ለድንኳን ይቅር። ሌላ ዋሻ የገባችሁበትን ልብስና ጫማ ግን አታድርጉ፤ የሌሊት ወፎችን የሚፈጅ ፈንገስ በእሱ ይዛመታል።

የቅዳሜ ቦታ ካለቀ እሑድ ማታን ሞክሩ፤ ሰው የሰረዘው ቦታም ስለሚለቀቅ ደጋግማችሁ እዩ።