ተጨማሪ መረጃ፦ በሰሃራ ዳርቻ የተመለሰው ሐይቅ
እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 በደቡብ ምሥራቅ ሞሮኮ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። በታጉኒት መንደር በ24 ሰዓት ውስጥ ብቻ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ተመዘገበ። ጎርፉ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። በሌላ በኩል፣ በዛጎራና በታታ መካከል ለ50 ዓመታት ያህል ደርቆ የኖረው የኢሪኪ ሐይቅ እንደገና ውሃ ያዘ፤ በሳተላይት ምስልም ታየ።

በምድረ በዳ መካከል ይህ ሁሉ ውሃ ወደ መሬት ሰርጎ ያልጠፋው ለምንድን ነው? የሐይቁ ወለል ልል አሸዋ ሳይሆን ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ ደለልና የሸክላ አፈር ስለሆነ ነው። የተጠራቀመው ውሃ በአብዛኛው የሚያልቀው በትነት ነው።

ሐይቁን ያደረቀው ግን የዝናብ እጥረት ብቻ አይደለም። ይመግበው በነበረው የድራ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1972 ትልቅ ግድብ ተሠርቷል። ከዚያ በፊት ኢሪኪ የስደተኛ አእዋፍ ማረፊያ ነበር።