በእርሻ ውስጥ ስለሚገኝ ጥንታዊ ዕቃና ለባለእርሻው ስለሚገባው ጥቅም

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል የሚባል ስፍራ አለ። ዓሣ አጥማጆች በጧት በጀልባ ተመልሰው መረባቸውን በዚያ ይፈታሉ። ዓሣውን ሲበልቱም አባ ኮዳ የሚባሉት ታላላቅ አሞሮች የሚጣለውን ለመልቀም በዙሪያቸው ይሰለፋሉ። ይህን ለማየት ከሩቅ የመጣ እንግዳ መግቢያ ይከፍላል፤ ዓሣ ገዝቶ ይበላል፤ ለሚያስጎበኘውም ሰው ዋጋውን ይሰጣል። አሞራው ተገድሎ ላባው ቢሸጥ የአንድ ቀን ራት እንኳ አይኾንም ነበር፤ በሕይወት ስለ ተተወ ግን በየቀኑ ሰው ያበላል። በእርሻ ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ ጥንታዊ ዕቃም እንዲሁ ነው። ነቅለው ቢሸጡት አንድ ጊዜ ብቻ ያበላል፤ በቦታው ቢጠብቁት ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ይህን ነገር ማስተዋል ያስፈለገው በዚህ ዘመን የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ በየአገሩ ስለ በዛ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። በዘንግ ጫፍ ላይ እንደ ሰፌድ የከበበ የሽቦ ጥቅል አለ፤ በሽቦው ውስጥ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በዙሪያው የማግኔት ኀይል ይኾናል። ይህ ኀይል በመሬት ውስጥ ወርቅ ወይም ብር፣ መዳብ ወይም ብረት ሲያገኝ በዚያ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ ያም ተመልሶ በጥቅሉ ይታወቃልና መሣሪያው ይጮኻል። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በጋርፊልድ ገላ ውስጥ የቀረውን ጥይት በዚሁ ዘዴ ለማግኘት ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን አልተሳካለትም። ዛሬ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ አንዲት ሣንቲም ለማግኘት ከአንድ ስንዝር እምብዛም አያልፍም፤ ድንጋይንና ሸክላን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም።

በእንግሊዝ አገር አንዳንድ ባለእርሻዎች መከሩ ከተሰበሰበ በኋላ ቀን ወስነው እርሻቸውን ለፈላጊዎች ይከፍታሉ፤ እያንዳንዱም ፈላጊ ለዚያ ቀን ገንዘብ ይከፍላቸዋል። በዚያ አገር መሬቱ የግል ርስት ነው። ኾኖም በፈረንጅ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የከበረ ጥንታዊ ሀብት ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ለሹም እንዲያስታውቅ ያዛል። ሙዚየም ዕቃውን የወሰደው እንደ ኾነ ዋጋው ተገምቶ አብዛኛውን ጊዜ አግኚውና ባለመሬቱ ይካፈሉታል።

ሕጉ ከመውጣቱ አስቀድሞ በ1992 ዓ.ም. በፈረንጅ በሆክስን መንደር የኾነው ነገር ለማስተማር የተመቸ ነው። አንድ ገበሬ መዶሻ ጠፋበትና መፈለጊያ መሣሪያ ያለውን ወዳጁን እንዲፈልግለት ለመነው። ወዳጁም መዶሻውን ሲፈልግ ብርና ወርቅ አገኘ። ነገር ግን ጥቂቱን ካወጣ በኋላ አካፋውን አስቀመጠ፤ ለባለእርሻውና ለሹሞች ላከ። ሊቃውንትም መጥተው አፈሩን በሥርዐት ገለጡት። ከ14,000 በላይ የሮማውያን ገንዘብ፣ ብዙም የወርቅና የብር ጌጥና ዕቃ ተገኘ፤ ኹሉም በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ በየቦታው ተደርድሮ እንደ ነበረ ሳይቀር ታወቀ። መንግሥት ለአግኚው 1,750,000 ፓውንድ ሰጠው፤ እርሱም ለገበሬው አካፈለ። መዶሻውም ተገኝቶ ዛሬ ከሀብቱ ጋራ በሙዚየም ይገኛል። ይህን ኹሉ ያመጣው መቈፈር አይደለም፤ መቈፈርን ማቆም ነው።

በኢትዮጵያ ግን ሕጉ ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሬትና በውስጡ ያለው የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያርሰዋል፣ ይጠቀምበታል፣ ያፈራውም የራሱ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ማንም ቅርስ ፍለጋ እንዳይቈፍር ይከለክላል። ስለዚህ መሣሪያ የያዘ እንግዳ መጥቶ፥ «በእርሻኽ አንድ ቀን ልፈልግ፣ ገንዘብ እከፍልኻለኹ» ቢለው፣ ገበሬው ይህን ሊፈቅድለት ሥልጣን የለውም። ወርቅ እፈልጋለኹ የሚል ሰውም የማዕድን ፈቃድ ማሳየት አለበት። ነገር ግን አዋጁ ገበሬውን ባዶ እጁን አልተወውም። በእርሻ፣ በግንባታ ወይም በሌላ ድንገተኛ ነገር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ካዘዘ በኋላ፣ ላስረከበው ሰው ተገቢ ወሮታ እንዲሰጠው ይደነግጋል።

ቅርስ ከቦታው ሲነቀል የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም። ከብራና መጽሐፍ ተገንጥሎ በገበያ የተገኘ ቅጠል ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ወጣ፣ ከፊቱና ከኋላው ምን እንደ ነበረ አይታወቅም። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ ከወርቅ፣ ከብርና ከመዳብ ገንዘብ አሠርተዋል፤ በአክሱም ዙሪያም ዝናብ ከዘነበ በኋላ ገበሬዎችና ልጆች ይህን ገንዘብ በእርሻ ውስጥ ያገኙታል። ከፈረሰ ቤት ወለል ላይ የተገኘ እንደ ኾነ፣ በላዩ የተጻፈው የንጉሥ ስም ቤቱ በማን ዘመን ሰው እንደ ነበረበት ይመሰክራል። በመንገድ ዳር ለእንግዳ የተሸጠ እንደ ኾነ ግን ምስክርነቱ ቀርቶ መዳብ ብቻ ይኾናል።

ሳይነቀል የቀረው ግን ምን ጥቅም እንዳመጣ በዚያው በአክሱም ይታያል። በፈረንጅ በ1980ዎቹ ዓመታት ገበሬዎች በሳባ፣ በግእዝና በጽርእ ቋንቋ የተጻፈ የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ አገኙ። በድንጋዩ ላይ ከቦታው የሚነቅለውን የሚረግም ቃል ተጽፎበታል። ድንጋዩም በተገኘበት ቀርቶ ትንሽ ቤት ተሠራለት፤ ጠባቂም ተሾመለት፤ አክሱምን ሊያይ የመጣ እንግዳም ወደ እርሱ ይሄዳል።

በደቡብ ያለው ቅርስ ደግሞ አብዛኛው ድንጋይና ሸክላ ስለ ኾነ ከመፈለጊያ መሣሪያ ይልቅ የባለእርሻው ዐይን ይጠቅመዋል። በሶዶ ምድር ያሉት 36 የጢያ ትክል ድንጋዮች በፈረንጅ በ1980 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። ከሐዋሳ በስተ ደቡብ ያለው የጌዴኦ ምድርም ከነትክል ድንጋዮቹና ከነእርሻው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ተጽፏል። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ በጋደሞታ የተገኘው የባልጩት መሣሪያ ከ200,000 ዓመት በላይ የቆየ ነው። ባልጩቱን በእርሻው ያየ ገበሬ እንደ ተራ ጠጠር ወደ ድንበር ቢወረውረው፣ ይህ ኹሉ ዘመን ከእጁ ያመልጣል።

ሌላም ፍርሃት አለ። መሣሪያው ሲጮኽ የወርቁን ድምፅ ከቦምቡ ድምፅ በእርግጥ አይለይም። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ድል ሲኾን በሻሸመኔና በሐይቆቹ አካባቢ ጦርነት ተደርጓል፤ በሰሜንም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ በየእርሻው ትቷል። ገንዘብ አገኛለኹ ብሎ የቈፈረ ሰው እጁን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎች፣ ሽማግሌዎችም በዕድርና በማኅበር ለገበሬው የሚከተለውን ቢያስረዱ መልካም ነው። ማረሻ ወይም ዶማ እንግዳ ነገር የነካ እንደ ኾነ ሥራው በዚያ ቦታ ይቁም፤ ስፍራው በእንጨት ይከለል። ዕቃው በአመድ ወይም በሎሚ አይፈተግ፤ ዝገቱም አይፋቅ፤ ከዝገቱ ጋራ ጽሕፈቱ ይጠፋልና። የቦምብ መልክ ያለው እንደ ኾነ ማንም አይቅረበው፤ ለፖሊስ ይነገር። ቅርስ የመሰለ እንደ ኾነ ለቀበሌና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይነገር። ዕቃው ሲወሰድ የተረከበው ሰው ስም፣ ቀኑና የዕቃው ዐይነት በጽሑፍ ይሰጥ፤ ያለ ደረሰኝ የተሰጠ ዕቃ ወሮታውም፣ ባለቤቱም ይጠፋል። በቦታው የሚቀር ቅርስ እንደ ኾነ ደግሞ መንደሩ ከወረዳው ጋራ ተስማምቶ ጠባቂና መንገድ መሪ ያቁም፤ ለእንግዳም ምግብና ማረፊያ ያዘጋጅ። እንግዳን በእርሻ ተቀብሎ የማያቋርጥ ገንዘብ ማግኛው መንገድ ይህ ነው።

በወንጌል ምሳሌ በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ ያገኘው ሰው መዝገቡን ሰርቆ አልሄደም። ያለውን ኹሉ ሽጦ እርሻውን ገዛ። መዝገብና እርሻ ተለያይተው ዋጋ እንደማይኖራቸው ዐውቆ ነበርና።